ምጽዋት ዕዳን አይተካም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ጾም በገባ ቁጥር ለጋዜጦችና ለሬዲዮ ጣቢያዎች የሚደርሱት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ዓሣ ይበላል ወይ? እስከ ስንት ሰዓት ይጾማል? የስኳር ሕመምተኛ መድኃኒቱን እንዴት ያድርግ? ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ሕመምተኛው ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ተማክሮ ይወስን፤ ቤተ ክርስቲያን ሕሙማንን በጾም አታስጨንቅም። በየጉባኤው ከእነዚህ ይልቅ ደጋግሞ የሚነሣው ግን ሌላ ነው። አንዱ «ለድኃ ከሰጠሁ፣ ሰው ካልበደልሁ፣ እምነት ምን ይጨምርልኛል?» ይላል። ሌላው «በእምነት ድኛለሁ፤ ሥራ ምን ያደርግልኛል?» ይላል። ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ «ቸርነት አድርጉ» ከሚል ጥቅል ምክር ብዙም አያልፍም። ቸርነት ግን ቅደም ተከተል አለው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ጠያቂ የሚጠቅሰው ኤፌሶን 2፥8ን ነው፤ «ጸጋው በእምነት አድኖአችኋልና»። ቁጥር 9ንም ያነብባል። ቁጥር 10 ላይ ለመልካም ሥራ እንደ ተፈጠርን የተጻፈውን ግን ይዘለዋል። ጳውሎስና ያዕቆብ ይጋጫሉ የሚሉ ሰዎችም ሁለቱ ስለ አብርሃም የሚናገሩበትን ጊዜ ቢለዩ ግራ አይጋቡም ነበር። ጳውሎስ በሮሜ 4 የሚያነሣው ዘፍጥረት 15ን ነው፤ አብርሃም ገና ሳይገረዝ አመነ፣ ጽድቅ ሆኖም ተቈጠረለት። ያዕቆብ በምዕራፍ 2፥21 የሚያነሣው ዘፍጥረት 22ን፣ ይስሐቅን በመሠዊያው ላይ ያቀረበበትን ቀን ነው። በሁለቱ መካከል ይስሐቅ ተወልዶ አድጓል። እምነቱ ያው ነው፤ ያዕቆብ የሚያየው ከዓመታት በኋላ ያፈራውን ፍሬ ነው።

ለመጀመሪያው ጠያቂ በማርቆስ 10 ያለው ባለጠጋ መልስ ይሆነዋል። ሕጉን ሁሉ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጠብቋል፤ ሆኖም አንድ ነገር፣ ያለውን ትቶ ጌታን መከተል፣ ጎድሎት ነበር። ጌታ «ስለ ምን ቸር ትለኛለህ?» ማለቱ አምላክነቱን ለመካድ አይደለም፤ ቸር ብሎ የጠራው ማንን እንደ ሆነ ሰውየው እንዲያስተውል ነው። ራሱን ከጎረቤቱ ጋር ብቻ የሚያስተያይ ሰው የጎደለውን አያየውም።

ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሰው ገንዘብ በእጁ እያለ ምጽዋት የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው። የቤት ሠራተኛዋን ደመወዝ «አስቀምጥልሻለሁ» ብሎ ይዞ ለሕንጻ ማሠሪያ ቃል የሚገባ አለ። ቅቤውን ከሙዝ፣ በርበሬውን ከሸክላ ዱቄት ጋር ቀላቅሎ ሸጦ በወሩ በዓል ለነዳያን ዳቦ የሚያከፋፍል አለ። መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ሰው ያለ መልስ አልተወውም። በዘሌዋውያን 6፥5-6 የበደለ ሰው በመጀመሪያ ዋናውን ገንዘብ አምስተኛ እጅ ጨምሮ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ የመሥዋዕቱ አውራ በግ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማቴዎስ 5፥23-24 ላይ ጌታም መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ይላል። ሲራክ ደግሞ ከድኃ በተነጠቀ ገንዘብ መሥዋዕት የሚያቀርበውን ልጅን በአባቱ ፊት ከሚሠዋ ሰው ጋር ያመሳስለዋል።

አፈጻጸሙ ይህ ነው። የማን ገንዘብ እንዳለብህ በስም ጻፍ፤ ከስሙ ጎን መጠኑን አስፍር። 10,000 ብር ቢሆን አምስተኛው 2,000 ነውና 12,000 ትመልሳለህ። የኦሪቱ ስሌት ክርስቲያንን እንደ ቀድሞው አያስገድደውም፤ ግን መልካም መለኪያ ነው። ገንዘቡ በእጅህ በቆየበት ጊዜ የገበያ ዋጋ ሲጨምር ባለቤቱ ምን ያህል እንደ ተጎዳ ማንም ያውቀዋል። የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ከሆነ ቀጠሮ አትስጥ፤ ዘዳግም 24፥15 ፀሐይ ሳትገባ ክፈለው ይላል። ባለቤቱ ሞቶ ከሆነ ለወራሾቹ ስጥ። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻልህ ተነጋግረህ በየወሩ ክፈል። ፊት ለፊት መቅረብ ካሳፈረህ ስምህን ሳይገልጡ እንዲያደርሱልህ ንስሐ አባትህን ጠይቅ። የተጭበረበሩት ደንበኞች ብዙ ሆነው የማይታወቁ ከሆነስ? ዘኍልቍ 5፥8 ተቀባይ ዘመድ የሌለው ካሣ ለእግዚአብሔር ይሁን ይላል። ገንዘቡ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ድኃ የሚሄደው እንግዲህ ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋ ነው። ስህተቱ የሚፈጠረው ይህን የመጨረሻ መንገድ መጀመሪያ ስናደርገው ነው፤ ምክንያቱም እሱ ያስመሰግናል፣ ሠራተኛዋን ይቅርታ መጠየቅ ግን ያሳፍራል። ንስሐ አባት የሚሰጡት ስግደትም የተወሰደውን ገንዘብ በባለቤቱ እጅ አያስገባም። ቀራጩ ዘኬዎስ የሀብቱን ግማሽ ለድኆች ከመስጠቱ ሌላ ለበደላቸው አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ ይህ በዘጸአት 22፥1 በበግ ሌባ ላይ የተደነገገው ካሣ ነው። በራሱ ላይ ከባዱን ፍርድ ፈረደ።

ዕዳው ሲጠራ የምጽዋቱ ምንጭ ራሱ ጾሙ ነው። ኢሳይያስ 58፥7 ጾምን ከርኃብተኛ ጋር እንጀራ ከመቍረስ አይለየውም። ቤተሰቡ በፍስክ ሳምንት ለሥጋ፣ ለቅቤ፣ ለወተትና ለእንቁላል የሚያወጣውን ይደምር፤ ከዚያ ላይ የጾሙን ሳምንት ወጪ ይቀንስና ልዩነቱን ዓርብ ዓርብ ለብቻው ያስቀምጥ። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ውስጥ ዓርብ ስምንት ጊዜ ይውላል። ልዩነት ካልተገኘ የጾም ገበታው ራሱ ድግስ ሆኗል ማለት ነውና ይታሰብበት። የተጠራቀመውንም በአንድ የበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን በር ላይ መበተን አይጠቅምም። በዚያ ዕለት እንጀራው ይትረፈረፋል፤ በማግሥቱ ያው ሰው ጦሙን ያድራል። በሰፈር ያለች አንዲት ቤተሰብ ለይቶ በየሳምንቱ መደጎም ይሻላል።

«እኔ ራሴ ድኃ ነኝ፤ ምን መልካም ልሥራ?» ለሚል፣ የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ ገብር ኄር (ቸር አገልጋይ) ምላሽ አለው፤ የሚነበበው ጌታቸው ገንዘብ አደራ የሰጣቸው አገልጋዮች ምሳሌ ነው። አምስት መክሊት ያተረፈውና ሁለት ያተረፈው የሰሙት ምስጋና ቃል በቃል አንድ ነው (ማቴ. 25፥21 እና 23)። አንድ መክሊትም ትንሽ አልነበረም፤ 6,000 ዲናር፣ ማለትም የቀን ሠራተኛ የሃያ ዓመት ያህል ደመወዝ ነበር። እዚያው ምዕራፍ ላይ ከተዘረዘሩት ስድስት ሥራዎች ሁለቱ፣ የታመመን መጠየቅና የታሰረን መጎብኘት፣ ከጊዜ በቀር ብዙ አይጠይቁም።

ለእናንተ ለጋዜጠኞችም አንድ ጥያቄ አለን። ማቴዎስ 6፥3 ምጽዋት ስታደርግ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል። ዛሬ ግን ዘይትና ዱቄት ሲሰጥ የተቀባዩ ፊት ተቀርጾ ይሠራጫል፤ ጎረቤትና የልጆቹ የትምህርት ቤት ጓደኞች ሁሉ ያዩታል። የበዓል ርዳታ ስትዘግቡ መጠኑን፣ ቦታውንና ሰጪውን ጻፉ፤ የተቀባዮችን ፊት ግን አታትሙ።

በሰንበት ትምህርት ቤት የምናስተምር መምህራን፣ አዲስ አበባ