የብርሃን ክበብ ዘንድሮ ምን ሲሠራ ከረመ?

በየኮሪደሩ የሚገጥመኝ ጥያቄ አንድ ነው። «እናንተ እዚያ ጨለማ ክፍል ተዘግታችሁ ምን ትሠራላችሁ?» ከተማሪ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ከመምህራን ማረፊያ ሲመጣ ግን ከኋላው ሌላ ነገር አለ። «ሌዘር የሀብታም ላብራቶሪ ጉዳይ ነው፤ ልጆቹን ለፈተና ብታዘጋጃቸው አይሻልም ወይ?» ለማለት ነው። በሌዘር ሙከራ ስለሚሠራው የትምህርት ቤታችን የብርሃን ክበብ ይህን ዘገባ የምጽፈው ለሁለቱም ነው፤ ለጠያቂውም ለአሽሟጣጩም።

መደበኛውን ነገር ቶሎ ልጨርሰው። ኮሚቴ ተመረጠ፣ ዕቅድ ጸደቀ፣ በየሳምንቱ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ተሰበሰብን። ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ፤ ማየት የፈለገ ያያል። ሁለት ደንቦቻችን ግን መነገር አለባቸው። አንደኛው፣ ሌዘር ወደ ሰው ፊት ያዞረ ተማሪ ያን ቀን ከክፍሉ ይወጣል። የዓይን ሌንስ ጨረሩን ሰብስቦ ሬቲና (ብርሃን ተቀባዩ የዓይን ውስጠኛ ሽፋን) ላይ ነጥብ ስለሚያደርገው ቀልድ የለበትም። ሁለተኛው፣ ርካሽ አረንጓዴ ሌዘር አይገባም። አረንጓዴው የሚነሳው ከማይታይ ኢንፍራሬድ ነው። የሞገድ ርዝመቱ 808 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው) የሆነ ጨረር ውስጡ ያለውን ክሪስታል ያነቃል፤ ክሪስታሉ 1064 ናኖ ሜትር ያመነጫል፤ ይህም የሞገድ ርዝመቱ በግማሽ ተቀንሶ 532 ሲሆን አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ማጣሪያ ካልተገጠመለት የማይታየውም አብሮ ይወጣል። ለማይታይ ብርሃን ደግሞ ዓይን አይጨፈንም። አንድ ወላጅ በደግነት ያመጡልንን አመስግነን የመለስነው ለዚህ ነው። ቅር እንዳይላቸው።

ሥራ የጀመርነው በቀይ ሌዘር ጸጉር በመለካት ነው። አንድ ዘለላ ጸጉር በካርቶን ቀዳዳ መሀል ይወጠርና ሌዘር ይበራበታል። ሁሉም የሚጠብቀው ቀጭን ጥላ ነው። ግድግዳው ላይ የሚወጣው ግን ግራና ቀኝ የተደረደረ ቀይ ነጠብጣብ ነው፤ በየመሀሉ ጨለማ አለ። ብርሃን ሞገድ ነውና በጸጉሩ ዙሪያ ታጥፎ ያልፋል፤ ከራሱ ጋር ሲገናኝ አንዱ ቦታ ይደምቃል፣ ሌላው ይጠፋል። ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ማስመሪያ ብቻ ነው። የሌዘሩ የሞገድ ርዝመት 650 ናኖ ሜትር ቢሆን፣ ግድግዳው 3 ሜትር ቢርቅ፣ በአንዱ ጨለማና በሚቀጥለው መካከል ያለው 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ የጸጉሩ ውፍረት 65 ማይክሮ ሜትር (ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ይሆናል። የማን ጸጉር ይቀጥናል የሚለው ክርክር ብዙ ረቡዕ በላብን። ምክትል ርዕሰ መምህራችንም አንድ ዘለላ ሰጥተውናል። ውጤቱን ላላወራ ቃል ገብቻለሁ።

ቀጥሎ ሲዲ መጣ። የሲዲ ትራኮች (መረጃው የሰፈረባቸው ጥቃቅን መስመሮች) በ1.6 ማይክሮ ሜትር ርቀት የተጠጋጉ ናቸው። ቀይ ሌዘር ቀጥ ብሎ ሲያርፍበት፣ ወደ 24 ዲግሪ ዘንበል ብሎ ሌላ ነጥብ ይወጣል። ልጆቹ ማዕዘኑን ለክተው የትራኩን ርቀት ራሳቸው አወጡት። በዲቪዲ ርቀቱ 0.74 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ ነጥቡ ወደ 61 ዲግሪ ይሸሻል። መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ቁጥር ከራሳቸው ማስመሪያ ሲወጣ ያዩ ልጆች ክበቡን ለቀው አልሄዱም።

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ ማጉያ ተውሰን (መልሰናል!) ድምፅም በብርሃን ላክን። የሌዘሩ ድምቀት ከሙዚቃው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ወዲያኛው ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ሶላር ፓነል ያንን ወደ ኤሌክትሪክ ትመልሳለች፣ ማጉያው ያሰማል። እጅ መሀል ሲገባ ሙዚቃው ቀጥ ይላል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አሌክሳንደር ግርሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1880 በፀሐይ ብርሃን ድምፅ ልኳል። አዲሱ ርቀቱ ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ሳይኪ የተባለችው የናሳ መንኮራኩር ከ31 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆና በሌዘር ቪዲዮ ወደ ምድር ልካለች። ፍጥነቱ በሰከንድ 267 ሜጋ ቢት ነበር፤ ምልክቱ መንገድ ላይ የቆየው 101 ሰከንድ። ቪዲዮው ላይ ያለው የሌዘር ነጥብ የሚያሳድድ ድመት ነው። ስለ ጠፈር ግንኙነት ያስረዳሁት ሁሉ ተረስቶ ድመቱ ብቻ ቀረ።

የዓመቱ ትልቁ ቀን ዩኒቨርሲቲ የኦፕቲክስ ላብራቶሪ የሄድንበት ነው። የአውቶቡሱን ጣጣ አላነሳም፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ያስጎበኙን ተመራማሪ ልጆች ናቸው ብለው አላቀለሉብንም። መነጽር አድለው ነገሩን ከሥሩ ጀመሩ። በጣም አጭር የብርሃን ምት ሲያጎሉት፣ ጉልበቱ በቅጽበት ስለሚከማች ማጉያውን ራሱን ያበላሸዋል። ዶና ስትሪክላንድና ጄራር ሙሩ እ.ኤ.አ. በ1985 ለዚህ መላ አገኙ። መጀመሪያ ምቱን በጊዜ ጎትተው ያስረዝሙታል፤ ሲሳሳ ያጎሉታል፤ መጨረሻ ላይ መልሰው ያሳጥሩታል። ስትሪክላንድ ያኔ ገና የዶክትሬት ተማሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። ዛሬ የዓይን ቀዶ ሕክምና ላይ ያሉት አጭር ምት ሌዘሮች ከዚሁ ሥራ ጋር ይያያዛሉ።

ከዚያ ምቱን የሚያሳጥረውን ዕቃ አወጡልን። ወርቃማ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ፣ መብራት ሲያገኘው ቀስተ ደመና የሚረጭ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ግሬቲንግ ይባላል። ሁሉም ዝም ብሎ ሲያይ ከኋላ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ሲዲ ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። የተናገረችው የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስሟ ሲጠራ «አቤት» ከማለት ያለፈ ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ጸጉር ሲለካ ማስመሪያ የምትይዘው እሷ ነበረች። ሳቁን ስትሰማ ጓደኛዋ ጀርባ ገባች።

ተመራማሪው አልሳቁም። «ማነው ሲዲ ያለው?» ብለው ከተደበቀችበት አስወጧት። «እንዴት አወቅሽ?»

«የኛን ለክተነዋል» አለች ወለሉን እያየች። «1.6 ማይክሮ ሜትር ነው። የእርስዎስ?»

«የኔ በአንድ ሚሊ ሜትር ውስጥ 1200 መስመር አለው።»

እስክሪብቶ አውጥታ መዳፏ ላይ አካፈለች። አፏን እያንቀሳቀሰች፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እየጠበቃት፣ አልቸኮለችም። «0.83» አለች በመጨረሻ። «ከኛ በእጥፍ ገደማ ይጠጋጋል።»

ተመራማሪው ወደኔ ዞረው ላብራቶሪያችን ምን ምን መሣሪያ እንዳለው ጠየቁኝ። ቀይ ሌዘር፣ ካርቶንና ማስመሪያ አልኳቸው። መጀመሪያ የቀለድኩ መሰላቸው። ከዚያ በኋላ ጉብኝቱ የሷ ሆነ። እያንዳንዱን መስታወት ሲያሳዩ ዞር ብለው የሚጠይቁት እሷን ነው፤ የቀሩት ልጆችም ለእሷ መንገድ ይለቁላት ጀመር። ዘበኛው መጥቶ እስኪያስወጣን ድረስ ቆየን። እኔ ጥግ ቆሜ መነጽሬን ስጠርግ ነበር። ጉም ይዞት ነው እንበል።

ስንመለስ ስለ አን ሉሊየ አወራኋቸው። ከፒየር አጎስቲኒና ከፈረንስ ክራውስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2023 የፊዚክስ ኖቤል የተሸለመችው በአቶሰከንድ የሚለኩ የብርሃን ምቶችን በማስገኘት ነው። አቶሰከንድ ማለት የሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ እንደገና ለአንድ ቢሊዮን ሲከፈል ነው። ኤሌክትሮኖች ሲንቀሳቀሱ መከታተል የሚቻለው ምቱ ይህን ያህል ሲያጥር ነው። የሽልማቱ ስልክ ሲደወል እያስተማረች ነበር። ዜናውን ሰምታ ተመልሳ ትምህርቱን ጨረሰች። ይህን ታሪክ በመምህራን ማረፊያ ደጋግሜ ብናገር አይፈረድብኝ።

ክርክርም አካሂደናል። ርዕሱ በሌዘር የሚካሄድ የኒውክሌር ውህደት (የአቶም እምብርቶች ተዋህደው ጉልበት የሚሰጡበት ሂደት) ተሳክቷል ወይስ አልተሳካም የሚል ነበር። ደጋፊው ቡድን እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 2022 በአሜሪካ ሎውረንስ ሊቨርሞር ላብራቶሪ የሆነውን ይዞ መጣ። 192 የሌዘር ጨረሮች ዒላማው ላይ 2.05 ሜጋ ጁል ጉልበት አሳርፈው 3.15 ሜጋ ጁል ተገኘ። ተቃዋሚው ደግሞ ሌዘሮቹን ለማስነሳት ከመስመር የተሳበው ኤሌክትሪክ 300 ሜጋ ጁል ገደማ መሆኑን አወጣ። ዳኞቹ እኩል ሰጡ። እኔን ቢጠይቁኝ ቁጥሩን እስከ ሶኬቱ ድረስ የተከተለው ቡድን ማሸነፍ ነበረበት።

ያልተሳካም አለ። በወላጆች ቀን ያዘጋጀነው ኤግዚቢሽን አልሆነም። የተሰጠን ክፍል ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት ነው። መስኮቱ ላይ የለጠፍነው ካርቶን ገና በጠዋት ወደቀ፣ ነጠብጣቡ ግድግዳው ላይ ጠፋ፣ ሶላር ፓነሏ ፀሐይ ስትጠጣ ውላ ሙዚቃው አልሰማ አለ። ልጆቹ ለእንግዳ ሁሉ «ጨለማ ቢሆን ኖሮ ያዩ ነበር» ሲሉ ዋሉ። በፈተና ሰሞንም አባላት ሳስተዋል፤ ያ የሚጠበቅ ነው።

የእግር ኳስ ቡድናችን አዲስ ማሊያ በማግኘቱ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ጎል ሲገባ እኔም እጮኻለሁ። ግን የአንዱ ማሊያ ጨርቅ ጥቁር ቢሆንና ወደኛ መስኮት ቢመጣ ኖሮ ኤግዚቢሽናችን ይተርፍ ነበር። የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ጥቁር መጋረጃ፣ ሲነኩት የማይነቃነቅ ጠረጴዛ፣ ለምንጠቀምበት የሞገድ ርዝመት የተሠራ የሌዘር መነጽርና ጥቂት ሜትር የፋይበር ኦፕቲክ ገመድ (ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ክር) ነው። ፋይበሩን ያልኩት ያለምክንያት አይደለም። ቻርልስ ካኦ እ.ኤ.አ. በ1966 ብርሃኑን የሚበላው የመስታወቱ ቆሻሻ መሆኑን አስረድቶ፣ በ2009 ኖቤል ያገኘበት ሥራ ነው። ኢንተርኔት የሚጓዘው በዚያ ውስጥ ነው። ልጆቹ ግን በእጃቸው ነክተውት አያውቁም።

የመጪው ዓመት ዕቅዳችን ግንቦት 8 ላይ ያተኮረ ነው። በፈረንጆቹ ሜይ 16 ማለት ነው። ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር በሩቢ ክሪስታል ያበራው በ1960 በዚያ ቀን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ቀኑ ዓለም አቀፍ የብርሃን ቀን ተብሎ ይከበራል። የስዊዘርላንዱ የፊዚክስ ሊቅ ዳንኤል ኮላዶን እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ እንዳደረገው፣ ከጎኑ ከተበሳ ዕቃ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ብርሃን እናጎብጣለን። ብርሃኑ የኛው ቀይ ሌዘር ነው፤ ውኃው የትምህርት ቤቱ ነው፤ ዕቃውን የሚበሳው አለ። የጎደለው መጋረጃው ነው። አሮጌ ሲዲና ዲቪዲ ያላችሁም እንዳትጥሉ፤ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ክፍሉ ክፍት ነው።