ለልጄ፦ «ወላጅ አምጪ» ከማለትሽ በፊት

ሐዋሳ፣ ኅዳር 2018

ውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኛ በቸርነቱ ደህና ነን። የምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ትምህርታቸውን ሊያቋርጡ የደረሱ ተማሪዎችን የሚረዳ ኮሚቴ አቋቁሞ አንቺን ጸሐፊ እንዳደረገሽ ስትጽፊልኝ ደስ አለኝ፤ ትንሽም ሰጋሁ። የሰጋሁት ኮሚቴ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ደብተርና ዩኒፎርም ማደል ስለሆነ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ለሴቶቹም ንጽሕና መጠበቂያ በግቢው ውስጥ መገኘቱ ከመቅረት ያድናቸዋል። ነገር ግን እኔ በመምህርነት ዘመኔ ያጣሁት ልጅ ደብተር የጎደለው አልነበረም።

ይህን ለእናትሽ እንጂ ለአንቺ ነግሬሽ አላውቅም። የ10ኛ ክፍል ኃላፊ ሳለሁ ዝምተኛ፣ ሒሳብ የሚወድ ተማሪ ነበረኝ። ትምህርቱ በፈረቃ ነበር፤ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት። ልጁ መቅረት ሲያበዛ እንደ ደንቡ «ወላጅ አምጣ» የሚል ወረቀት ሰጠሁት፤ የመጣ ሰው የለም። ደገምኩት፤ አሁንም የለም። በመጨረሻ ስሙ ተሰረዘ። የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ መስመሩ እንዳይጣመም ማስመሪያ አስደግፌ።

ከወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ዓሣ ልገዛ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ወረድኩ። ከጀልባዎቹ መረብ እየወረደ ነበር፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ የቆሮሶ ቅርፊት ይፍቃል፣ ቅርፊቱ እስከ ክርኑ ተለጥፎበታል። ሲያየኝ ቢላዋውን ከኋላው ደበቀ። እናቱ አልጋ ከያዘች ዓመት እንዳለፋትና ሁለት ታናናሾቹን የሚያበላው እሱ መሆኑን የነገሩኝ አጠገቡ የነበሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ወረቀቶቹን ለእናቱ አላሳያትም ነበር፤ መነሣት ለማትችል ሴት አሳይቶ ምን ያድርግ? ሰኞ ዕለት ስም መጥሪያውን አውጥቼ ቀኖቹን ስቆጥር፣ የቀረው ሁሉ በጠዋት ፈረቃ ሳምንት ሆኖ አገኘሁት፤ ከሰዓት በነበረበት ሳምንት አንድ ቀን እንኳ አልቀረም። የጠዋቱ ሳምንት ሲመጣ ከሌላኛው ፈረቃ ጋር እንዲማር መፍቀድ ብቻ ይበቃው ነበር። አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ተመልሼ ብለምነው «ቲቸር፣ አሁንማ ሥራውን ለመድኩት» አለኝ።

ስለዚህ ኮሚቴው ገንዘብ ከማሰባሰቡ በፊት ስም መጥሪያውን ያንብብ። የትኛው ልጅ በገበያ ቀን፣ የትኛው ሰኞ ሰኞ፣ የትኛው ከዕረፍት በኋላ እንደሚጠፋ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። ቀጥሎ ቤት ድረስ ሂዱ። «ወላጅ አምጣ» በብዙ ቤት እንደ ክስ መጥሪያ ነው የሚታየው፤ እናትየዋ ጉሊቷን ትታ መጥታ በሰው ፊት የምትወቀስ ከሆነ ሁለተኛ አትመጣም፣ አልፈርድባትም። ሁለት ሆናችሁ፣ ፋይል ሳትይዙ፣ ከሥራ በምትገባበት ሰዓት ሂዱ። «ለምን ይቀራል?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ ጠይቁ።

ወላጆች የ12ኛ ክፍሉን ፈተና እንደሚያነሡብሽም እወቂ። በ2014 ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው፤ «ታዲያ ምን ሊሆነው ይማራል?» ቢሉሽ ቁጥሩን አታስተባብዪ። ክፍተቱ ገና ከታች ክፍል እንደሚጀምር አስረጂ፣ ከዚያም የማጠናከሪያ ትምህርቱ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደሚሰጥ ቁርጡን ንገሪያቸው። ቀንና ሰዓት የሌለው ተስፋ ይዘሽ ባትሄጂ ይሻላል።

ልጁ ተቀጥሮ የሚሠራ ከሆነ ከአሠሪው ጋር ተነጋገሩ። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ማሠራትንም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትንም ይከለክላል። ይህን በማስፈራራት ሳይሆን ሰዓት ለመደራደር ተጠቀሙበት፤ ልጁ ከሥራ ቢባረር የሚራበው ቤተሰቡ ነው። በቤት ውስጥ ሕመም ካለ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆናቸውን ጠይቂ፤ መዋጮውን መክፈል ለማይችሉ ድሆች መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራር ስላለ ከቀበሌው ጋር አገናኟቸው። የሰፈሩን እድርም አትርሱ፤ ከማንኛውም ጽሕፈት ቤት በፊት የቤቱን ችግር የሚያውቀው እሱ ነው።

አክስቷ ዘንድ ሆና አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ቡና ስለምታፈላው ተማሪሽ የጻፍሽውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሊድሯት ነው የሚባለው እውነት ከሆነ ከ18 ዓመት በታች መዳር በሕግ የተከለከለ ነውና ብቻሽን አትያዥው፤ ርዕሰ መምህሩና የሴቶችና ሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ይወቁት። ወሬ ብቻ ከሆነ ግን አክስቲቱን በሰው ፊት አታሳፍሪያት፤ ልጅቷ የምታድረው እሷ ቤት ነው። መጀመሪያ የቀረችባቸውን ቀኖች ቁጠሪ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ሰው ቁጭ ብለሽ ቡናዋን ጠጪ፣ ሒሳብሽንም ክፈዪ፤ ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ።

እናትሽ በርበሬና ሽሮ በሚመጣ ሰው ልካልሻለች።

አባትሽ