ዕጢ የሚለው ቃል አያስደንግጥሽ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰንብተሻል? የላክሽልኝን የኤምአርአይ ሪፖርት ከምስሎቹ ጋር እያስተያየሁ ደጋግሜ አየሁት። በስልክ የሚነገር ነገር ቶሎ ይረሳል፤ ሐኪምሽ ዘንድ ስትሄጂም ይዘሽው እንድትገቢ ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

አስቀድሜ እንቅልፍ የነሳሽን ቃል ላንሣ። ሪፖርቱን ያነበበልሽ ሰው "ፒቱታሪ ዕጢ" ሲልሽ የበቀለብሽ ነገር ያለ መስሎሻል። አልፈርድብሽም፤ አማርኛችን ለሁለቱም ያለው አንድ ቃል ነው። ሆርሞን የሚያመነጨውንም የሰውነት ክፍል ዕጢ እንላለን፣ ያለ ቦታው ያበጠውንም ዕጢ እንላለን። ፒቱታሪ የመጀመሪያው ነው። ሰው ሁሉ ይዞት የሚወለድ፣ ክብደቱ ግማሽ ግራም ገደማ የሆነ፣ በአተር ፍሬ መጠን ያለ ነገር ነው። ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ በስተኋላ፣ ስፊኖይድ በሚባለው አጥንት ላይ ባለች ጎድጓዳ ቦታ ይቀመጣል። ቦታዋ ኮርቻ ስለምትመስል "ሴላ ቱርሲካ" ተብላለች፤ የቱርክ ኮርቻ ማለት ነው። ሪፖርቱ ውስጥ "ሴላ" የሚል ቃል ባየሽ ቁጥር ይህችን ኮርቻ አስቢ።

ያንቺ ሪፖርት ዋናው ቃል "ፓርሻል ኢምፕቲ ሴላ" ነው፤ በከፊል ባዶ የሆነ ኮርቻ እንደ ማለት። ይህ ስም ሰው ያስደነግጣል እንጂ ነገሩን በደንብ አይገልጸውም። ኮርቻው ባዶ አይደለም፣ ዕጢውም አልጠፋም። ኮርቻውን ከላይ የሚከድን ስስ ሽፋን አለ፤ ሽፋኑ መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ዕጢውን ከአንጎል ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ዘንግ የሚያልፈው በዚያ ነው። ቀዳዳው አንዱ ሰው ላይ ጠባብ፣ ሌላው ላይ ሰፊ ነው። ሰፊ ሲሆን አንጎልን የከበበው ፈሳሽ ወደ ኮርቻው ይወርድና በዓመታት ብዛት ዕጢውን ወደ ወለሉ ደፍጥጦ ያሳሳዋል። በሴቶች ላይ፣ ብዙ በወለዱ፣ ክብደታቸው በጨመረና ደም ግፊት ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበልጥ ይታያል። የሳሳ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን አያቋርጥም። ምን ያህሉ ሰው ኮርቻው እንዲህ እንደሆነ ሳያውቅ ዕድሜውን የሚጨርስ መሰለሽ? የሚታወቀው እንዳንቺ ለሌላ ነገር አንጎሉ ሲነሣ ነው።

ከጎን የተነሣውን፣ ፊትን በመሐል መስመር ለሁለት የከፈለውን ምስል ሐኪምሽ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። ፈሳሽ ነጭ ሆኖ በሚታይበት ዓይነት ምስል ላይ ኮርቻው ነጭ ይሆናል፤ ከወለሉ ላይ ተለጥፎ ጨረቃ የመሰለ ግራጫ መስመር ይታያል። ዕጢሽ ያ ነው፤ የተለካውም 3 ሚሊሜትር ነው። አሁን በነጩ ፈሳሽ መሐል ከላይ ወደ ታች የሚወርደውን ክር ተመልከቺ። ዘንጉ ነው። ፈሳሹን ሰንጥቆ ወለሉ ድረስ መውረዱ ትልቅ ማስረጃ ነው። ኮርቻው ውስጥ ያለው ውኃ የቋጠረ ከረጢት ቢሆን ኖሮ ዘንጉን ገፍቶ ያጣምመው ነበር እንጂ በውስጡ አያሳልፈውም። ያንቺ ያልፋል።

"ወደ ቀኝ ያዘነበለ ዘንግ" የሚለውም ብዙ አያሳስብሽ። ዕጢው በኮርቻው ውስጥ ትንሽ ወደ ጎን ከተቀመጠ፣ ወይም የኮርቻው ወለል ወደ አንድ ወገን ከዘመመ፣ ዘንጉ ይከተለዋል። ጤነኛ ሰው ላይ በብዛት የሚታይ ነው። ከመዝመሙ ይልቅ ውፍረቱ ነው የሚታየው፤ ከላይ 3 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ታች እየቀጠነ 2 ገደማ መድረስ አለበት። ወደ ታች እየወፈረ ቢሄድ ወይም እንደ ቋጠሮ ቢያብጥ ነበር የሚያሳስበው።

ስለ ዕጢው ቁመት ደግሞ ሰው የሚሳሳተው ለሁሉም አንድ ልክ ያለ ስለሚመስለው ነው። የራዲዮሎጂ ሐኪሞች የላይኛውን ወሰን በቃላቸው ይይዙታል፦ ለሕፃናት 6 ሚሊሜትር፣ ለወንዶችና ወር አበባቸው ለተቋረጠ ሴቶች 8፣ በመውለጃ ዕድሜ ላሉ ሴቶች 10፣ ለነፍሰ ጡርና ለአራስ 12። አንዲት ልጃገረድ ላይ ዕጢው ከላይ ጎበጥ ብሎ ቢታይ ጤና ነው፤ ያው ቅርጽ በአንቺ ዕድሜ ቢታይ ምክንያቱ ይፈለጋል። ሳይታከም የቆየ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ሆርሞን ማነስ ፒቱታሪውን ያሳብጠዋል፤ መድኃኒቱ ሲጀመር ይመለሳል። ስለዚህ ሐኪሙ ዕድሜሽንና ወር አበባሽ የቆመበትን ጊዜ ካልጠየቀሽ አንቺው ንገሪው።

ሦስተኛው ቃል "ብራይት ስፖት አልታየም" የሚለው ነው። ከዕጢው ኋላ ክፍል ላይ ቲ1 በሚባለው ምስል ነጭ ነጥብ ይታያል፤ ሽንትን የሚቆጣጠረው ሆርሞን ተጠራቅሞ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ነጥቡ መደብዘዙ፣ መጥፋቱም የተለመደ ነው፤ ዕጢው በተደፈጠጠበት ኮርቻ ውስጥ ደግሞ መለየቱ ራሱ ይከብዳል። ትርጉም የሚኖረው ሌት ተቀን ውኃ የሚያስጠማሽና ብዙ፣ ቀለም የሌለው ሽንት የሚያሸናሽ ከሆነ ነው። እንደዚያ ከሆነ ስኳርም መመርመሩ አይቅር፤ እሱም ያስጠማል።

ሐኪሙ ለዕጢው ተለይቶ የተዘጋጀ ኤምአርአይ ሊያዝልሽ ይችላል። የመጀመሪያው መላ አንጎልን ያነሣ ስለሆነ ቁርጡ፣ ማለትም ማሽኑ ከፋፍሎ የሚያነሣው እያንዳንዱ ንብርብር፣ ወፍራም ነው፤ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቁርጥ እንዲህ ላለች ትንሽ ነገር አይመችም። አጥንቱ፣ ፈሳሹና ከጎን የሚያልፈው የካሮቲድ ደም ሥር በአንድ ቁርጥ ተደራርበው ዕጢው ውስጥ የሌለ ነጥብ ይፈጥራሉ። ለዕጢው የሚደረገው ቁርጡ 3 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ ያነሰ ሆኖ ከፊትና ከጎን ይነሣል፣ በመሐል ኮንትራስት የሚባል ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት በክንድ ደም ሥር ይሰጣል። ከመሄድሽ በፊት የኩላሊት ምርመራሽን ውጤት ያዢ። በሰውነትሽ ብረት ካለ፣ የልብ ምት መቆጣጠሪያም ይሁን በቀዶ ሕክምና የገባ ቅንጥብ፣ ወደ ክፍሉ ሳትገቢ ተናገሪ። የድሮውንም ምስል በሲዲ ወይም በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ፤ ሪፖርቱ ብቻውን ለማወዳደር አይበቃም።

ከዚያ ምስል በኋላ "3 ሚሊሜትር የሆነ፣ ኮንትራስት ያልያዘ ነጥብ" የሚል ቢመጣ አሁን የነገርኩሽን አስታውሺ። ምንም ሕመም የሌላቸው ሰዎች ተመርምረው እንኳ ከአሥሩ በአንዱ ገደማ ዕጢ ላይ እንዲህ ያለ ነጥብ ተገኝቷል። ትንሽ የተፈጥሮ ከረጢት ሊሆን ይችላል፣ ሆርሞን የማያመነጭ ጥቃቅን እብጠትም ሊሆን ይችላል። ሆርሞኑና ዓይኑ ደህና ከሆኑ ነገሩ በክትትል እንጂ በቀዶ ሕክምና አይጀመርም።

እኔን ከምስሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የደም ምርመራው እንዳይዘለል ነው። ሰውነት ጭንቀትንና ሕመምን የሚቋቋምበት ሆርሞን የሆነው ኮርቲሶል ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ይቀዳ፤ ከሰዓት በኋላ በተፈጥሮው ስለሚወርድ ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። ፒቱታሪ ታይሮይድን የሚያዝበት ሆርሞን የሆነው ቲኤስኤች ብቻውን እንዳይበቃቸው፣ የታይሮይዱ የራሱ ሆርሞን ፍሪ ቲ4 አብሮ ይታዘዝ፤ ፒቱታሪ ሲደክም ቲኤስኤች ደህና መስሎ ቲ4 ብቻ ሊወርድ ይችላል። ጡት ወተት እንዲሠራ የሚያደርገው ሆርሞን ፕሮላክቲንና በደም ውስጥ ያለው ጨው ሶዲየምም ይታዩ። ኤፍኤስኤች የሚባለውንም አደራ፤ ወር አበባ ከቆመ በኋላ ከፍ ማለት ያለበት ሆርሞን ስለሆነ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ዕጢው መድከሙን ይጠቁማል። የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነማሸጊያቸው ይዘሽ ሂጂ። ማስመለስን የሚያስቆመው ሜቶክሎፕራማይድ ፕሮላክቲን ይጨምራል፤ ለጉልበት የተወጋሽው ስቴሮይድ ኮርቲሶል ያወርዳል፤ ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠው ባዮቲን ደግሞ ሆርሞኑን ሳይነካ የላቦራቶሪውን ንባብ ያዛባል። የስቴሮይድ ኪኒን የምትወስጂ ከሆነ ግን በራስሽ ሥልጣን እንዳታቋርጪ፤ አደገኛ ነው።

የዓይን ሐኪምም የዓይንሽን ውስጥ ይይልሽ። በከፊል ባዶ የሆነ ኮርቻ አንዳንዴ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት የመጨመሩ ምልክት ነውና፤ ግፊቱም የዓይን ነርቭን ጫፍ ያሳብጠዋል። ጎንበስ ስትዪ ለአፍታ የሚጨልምብሽ ከሆነ፣ ጆሮሽ ውስጥ ከልብ ምትሽ ጋር ሽው የሚል ድምፅ ካለ፣ ከአፍንጫሽ በአንድ ወገን እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ የሚንጠባጠብ ከሆነ አትደብቂ፤ "ጉንፋን ነው" ብለሽም አትለፊው።

ድንገት ከዚህ በፊት አይተሽው የማታውቂው ዓይነት ከባድ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ መታየት ወይም የዓይን መጋረድ ቢመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ከዚያ በኋላ ነው ለእኔ የምትደውዪው።

የደም ውጤቱ በወጣ ቀን ወረቀቱን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ከቁጥሩ ጎን ያለው የላቦራቶሪው መለኪያና ወሰን አብሮ ይታይ፣ ያለ እሱ ቁጥሩን ማንበብ አይቻልም። ያልገባሽ ቃል ካለም ፊደሎቹን አንድ በአንድ በስልክ አንብቢልኝ።

ናፋቂ ልጅሽ