ገንዘብ ማጣቱ የፊልሙ ጉድለት አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ አስፈሪ መጪ ዘመን የሚተርኩ ፊልሞችን አስመልክቶ በኪነ ጥበብ ገጻችሁ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው የሴቶችን ዐመፅ በአነስተኛ በጀት ያሳዩትን ሥራዎች አቅም እንዳጠራቸው ሙከራዎች ቆጥረው በአንድ አንቀጽ ማለፋቸው ግን ተገቢ መስሎ አልታየኝም፤ በተለይ አሜሪካዊቷ ዳይሬክተር ሊዚ ቦርደን እ.ኤ.አ. በ1983 ለእይታ ያበቁትን «ቦርን ኢን ፍሌምስ» የተሰኘ ፊልም ለተመለከተ ሰው ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ ውስጥ ሰላማዊ የሶሻሊስት አብዮት ከተካሄደ ከ10 ዓመት በኋላ ነው። የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ የምናየው አምባገነን የነገሠበትን ሳይሆን እኩልነት ሰፈነ ተብሎ በዓል የሚከበርበትን አገር ነው። በዚያ አገር ሴቶች ከሥራ ሲቀነሱ ቀዳሚ ናቸው፣ በጎዳና ላይ ይጠቃሉ፣ አቤት ሲሉም ታገሡ ይባላሉ። ከግንባታ ሥራ የተቀነሰችው፣ «የሴቶች ጦር» የተባለው የዐመፅ ቡድን ጥቁር አደራጅ አዴሌድ ኖሪስ በፖሊስ እጅ ሳለች ትሞታለች፤ መንግሥት ራሷን አጠፋች ይላል። እስከዚያ ድረስ በየፊናቸው ሲናገሩ የነበሩት ሁለት የሴቶች ሬዲዮ ጣቢያዎችም በእሳት ከወደሙ በኋላ ተዋህደው፣ በተሰረቁ መኪናዎች ውስጥ ሆነው ሥርጭታቸውን ይቀጥላሉ።

ወጪው 40 ሺህ ዶላር ገደማ እንደነበረ ይነገራል፤ ሥራውም ገንዘብ በተገኘ ቁጥር እየተቀጠለ 5 ዓመት ያህል ፈጅቷል። የመጪውን ዘመን ከተማ የሚገነቡበት አቅም ስላልነበረ ቦርደን ኒው ዮርክን እንዳለች ቀረጿት፤ ተመልካቹም ይህ ገና ወደፊት የሚሆን ነው ብሎ የሚጽናናበት ነገር አጣ። ከተዋንያኑ ብዙዎቹ ሙያተኞች አልነበሩም፤ የሴቶቹ መካሪ ሆነው የምናያቸው ፍሎሪንስ ኬኔዲ በእውኑም ዓለም ጠበቃና የመብት ታጋይ ነበሩ። (በኋላ ዝነኛ ዳይሬክተር የሆኑት ካትሪን ቢግሎም ከሦስቱ የጋዜጣ አዘጋጆች አንዷን ሆነው ተጫውተዋል፤ እነዚያ አዘጋጆች በመጀመሪያ የሴቶቹን ጦር የሚነቅፉ መሆናቸው እርስዎን ፈገግ ያሰኝዎት ይሆናል።)

ፊልሙ በአንዲት ጀግና ላይ አለመንጠልጠሉም የአጋጣሚ ጉዳይ አይመስለኝም። ለዝነኛ ተዋናይት የሚከፍለው ያለው ፊልም ዐመፁን ሁሉ በእሷ ትከሻ ላይ ይጭነዋል፤ ተመልካቹ ትኬት የቆረጠው እሷን ሊያይ ነውና። እዚህ ግን መሪዋ ስትሞት ትግሉ አይቆምም፤ ንግግሩን ሌሎቹ ይረከቡታል፣ እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ፣ ሁልጊዜም አይስማሙም።

ድምፁ አንዳንድ ቦታ እንደሚደክም፣ ቅንብሩም እንደሚንገጫገጭ አልክድም። ይሁንና ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2016 ታድሷልና ጸሐፊው ደግመው ቢያዩት እወዳለሁ፤ በተለይም ፊት ሳይታይ የሴቶች እጆች ብቻ ዶሮ ሲያሽጉና ሌላም ሥራ ሲሠሩ የሚፈራረቁበትን ክፍል። ለዚያ ትዕይንት ተጨማሪ ገንዘብ ምን ይጨምርለት እንደነበረ ቢጽፉልን በደስታ አነብባለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ