ነጭ ደረት ያለው ቁራ ወራሪ አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

«ወራሪው የህንድ ቁራ አዳዲስ አካባቢዎችን እየያዘ ነው» በሚል ያወጣችሁትን ዘገባ ብዙ ሰው ተቀባብሎታል። ስለ ወፍ መጻፋችሁ ራሱ ብርቅ ስለሆነ እኔም ደስ እያለኝ ነበር ማንበብ የጀመርኩት። ፎቶው ጋ ስደርስ ግን ደስታዬ እዚያው ላይ ቆመ።

«ወራሪው» ተብሎ በትልቁ የወጣው ወፍ ደረቱና ማጅራቱ ጥርት ያለ ነጭ ነው። እሱ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ፣ ወደ ታችም እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚኖር ያገር ልጅ ነው። ከየት መጥቶ ነው የወረረው? የህንዱ ቁራ ከሱ ትንሽ ያንሳል፤ አንገቱና ደረቱ አመድማ፣ ፊቱ፣ ጉሮሮውና ክንፉ ጥቁር ነው። ነጭ ደረት ካያችሁ እሱ አይደለም፣ አለቀ።

«ለአንድ ፎቶ ይህን ያህል?» የሚለኝ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2024 የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት አንድ ሚሊዮን የህንድ ቁራዎችን ለማስወገድ ማቀዱን ይፋ አድርጎ ነበር፤ መሣሪያው መርዝ ነው። ነገሩ እዚህ በደረሰበት ጊዜ ወፉን አሳስቶ ማሳየት ያገሬውን ቁራ ባልበላው ዕዳ ማስያዝ ነው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ምንቃረ ወፍራሙ የደጋ ቁራ ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የትም የለም። የእናንተን ፎቶ አይቶ «ነጭ ያለበት ሁሉ ጠላት ነው» ብሎ ድንጋይ ለሚያነሳ ጎረምሳ ማን ያስረዳው? ቁራ እንደሆነ ጋዜጣ አያነብ፣ ማስተባበያ አይጠይቅ።

ዘገባው «ባለሙያዎች ደረሱበት» ይላል። እኛ ወፍ ተመልካቾቹስ? የህንድ ቁራ በመርከብ ተሳፍሮ ወደብ ላይ ይወርዳል፣ ሰውና ቆሻሻ ባለበት ይሰፍራል፣ የሌሎችን ወፎች እንቁላልና ጫጩት ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ዛንዚባር ላይ ቆሻሻ እንዲያጸዳ ተብሎ ሆን ተብሎ የገባ ነው፤ ያጸዳውን ዛንዚባሮች ይንገሯችሁ። ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1994 ሁለት ወፎች አንድ ወደብ ላይ ታዩ፤ ጥቂት ዓመት ቆይተው መራባት ጀመሩ። ሁለት ብቻ ሳሉ የሚያያቸው ቢሮ የተቀመጠ ሰው ይመስላችኋል? ባይኖኩላር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሻሻ መጣያ ለቆሻሻ መጣያ የሚዞር፣ ዘመዶቹ «ሥራ ፈት» የሚሉት እንደኔ ያለ ሰው ነው። ይህ ወፍ ጂቡቲ ከሰፈረ ቆይቷል። ከዚያ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ቀድሞ የሚያየውም ሹፌሩ ወይም ባለ ሻይ ቤቱ ነው፤ የሚያውቀው ግን እናንተ ባሳያችሁት መልክ ነው።

እኔና ጓደኞቼ የሁለቱን ልዩነት ጽፈን፣ ፎቶ አያይዘን ለዝግጅት ክፍላችሁ ልከን ነበር። የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ቀረ። ስማችን ባለመጠቀሱ ቅር አላለንም ብል ዋሽቻለሁ፣ ብሎናል። ለጊዜው ግን ስሙ ይቅርና ትክክለኛው ፎቶ በዚያው መጠን፣ በዚያው ቦታ ይውጣ። ከየት እናምጣ ካላችሁ፣ የላክንላችሁን መልእክት መክፈት ይበቃል።

የዘወትር አንባቢያችሁ