ዋንዛው አብቧል፣ እማዬ

ጎንደር፣ ኅዳር 7

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ከርመሻል? ዓይንሽስ እንዴት ሆነልሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልን።

ትናንት በስልክ «ሰፈሩ እንዴት ነው?» ስትዪኝ «ደህና ነው» ብዬ ዘጋሁት። ከዘጋሁት በኋላ ቆጨኝ። ሞራው ከወጣልሽ ገና ሁለት ሳምንት አልሞላም። ከአቧራና ከጭስ ራቂ ተብለሽ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ቤት ዘግተሽ ተቀምጠሻል። እኔ ደግሞ ሰፈርሽን በሁለት ቃል ጨረስኩብሽ። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። እህቴ ታነብልሻለች። ቀስ ብላ ታንብብልሽ፤ ስትቸኩል መስመር ትዘላለች።

ክረምቱ ከወጣ ሰነበተ። ጥቅምት መግቢያ ላይ አንድ ሁለት ቀን ዘነበ፤ ከዚያ ወዲህ ጠብ አላለም። በራችን ላይ የነበረው ጭቃ መጀመሪያ ደረቀ፣ ከዚያ ተሰነጣጠቀ፣ አሁን አቧራ ሆኖ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ይነሳል። ጠዋት ጠዋት ብርዱ ይቆነጥጣል። ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ፀሐይ ያረፈበትን የመንገድ ጎን መርጦ ነው የሚሄደው። ጉልት የሚቸረችሩት እናቶችም ጥላውን ትተው ወደ ፀሐዩ ተሻግረዋል። የበቆሎ እሸት እያለቀ ነው። የቀረውም ደርቆ ጥርስ ያስቸግራል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለ? ዘንድሮ ያለ አንቺ አጥንቱም አልጣፈጠኝም። አንቺ ጽጌን ስትጾሚ ለእኛ ትሠሪልን የነበረው ቅቅል ትዝ ብሎኝ ነው የዋለው።

የቀሃ ወንዝ ጠርቷል። በነሐሴ የቡና አተላ የመሰለው ውሃ አሁን ታች ያለውን ጠጠር አንድ በአንድ ያሳያል። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ነጠላውንና አንሶላውን ሣሩ ላይ ያሰጡታል። ሣሩ ራሱ ቢጫ ሆኗል። አደይ አበባው ረግፎ አገዳው ብቻ ቆሟል። የፋሲል መዋኛ ባዶውን ነው። ከቀሃ ውሃ የሚገባበት ለጥምቀት ሲቃረብ አይደል? እስከዚያ የዋርካው ሥር ግንቡን እንዳቀፈ እዚያው አለ። ትናንት በዚያ ሳልፍ ትንሽ ቆም ብዬ አየሁልሽ።

አሁን ወደ ዋንዛው ልምጣ። ወፍጮ ቤቱ መታጠፊያ ላይ ያለው ዋንዛ አብቧል። ቅጠሉ እስኪጠፋ ድረስ ነጭ ነው። ከሩቅ ስታይው የታጠበ ነጠላ የተሰጣበት ይመስላል። ሥሩ ደግሞ ፈንድሻ የተበተነበት ነው። ባጃጆቹ ጥላው ሥር ስለሚቆሙ ሰማያዊው ጣሪያቸው በአበባ ይሸፈናል። አንዱ ልጅ ሳያራግፈው ተሳፋሪ ጭኖ ሲወርድ አየሁ፤ አበባው ከኋላው ብን ብን እያለ እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከተለው። ዛፉ ሥር ዝም ብለሽ ከቆምሽ ንቡ ይሰማሻል። መጀመሪያ የወፍጮው ሞተር መስሎኝ ነበር። ግን እሑድ ነው፤ ወፍጮው ዝግ ነው። ንብ ነው፣ እማዬ፣ ዛፉ ሙሉ ንብ።

ንብ በሰማሁ ቁጥር የደብረ ብርሃን ሥላሴው ታሪክ ትዝ ይለኛል። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ገብቶ ጎንደርን ሲያቃጥል፣ ሥላሴን ግን ንብ ወጥቶ አተረፈው እያልሽ ትነግሪን ነበር። ስትነግሪን እጅሽን እንደ ንብ መንጋ እያወዛወዝሽ ነበር። እኛ ደግሞ በሩ ላይ ንብ እንፈልጋለን።

ስለ ሥላሴ ካነሳሁ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ስልክ ላይ መናገር አቅቶኝ የቆየ ነው። አምና አብረን ሄደን ጣሪያውን ቀና ብለሽ ብዙ ቆየሽ። ከዚያ «መላእክቱ ደብዝዘዋል፣ ቀለሙ እየለቀቀ ነው መሰለኝ» አልሽኝ። እኔም ቀና አልኩ። ቀለሙ አልለቀቀም። እነዚያ ትልልቅ ዓይኖቻቸው ቁልጭ ብለው ያዩኝ ነበር። ያኔ ዝም አልኩ። ያኔውኑ እጅሽን ይዤ ሐኪም ዘንድ መውሰድ ነበረብኝ። መርፌ ክር ማስገባት ትተሽ ነበር፤ ምስሩን ራስሽ መልቀም ትተሽ ነበር፤ ይህን ሁሉ ከጎንሽ ሆኜ እያየሁ ድካም ነው አልኩ። አንድ ዓመት ሙሉ በጭጋግ ውስጥ አቆየሁሽ። ይቅር በይኝ።

ትናንት ቁስቋም ወጣሁ። ዘንድሮ የአንቺን ቦታ ባዶ ላለማድረግ ብዬ ነው። ከመስከረም 26 ጀምሮ የጽጌን ማኅሌት አላስታጎልሽም ነበር፤ እሑድ ማለዳ ከቅዝቃዜው ጋር ስትገቢ ነጠላሽ ዕጣን ዕጣን ይሸታል። እኔ አርባውን ቀን እንዳንቺ አልቻልኩም። የመጨረሻውን ሌሊት ግን ቆሜ አደርኩ። ጎህ ሲቀድ ዳገቱ በነጭ ልብስ ሞልቶ ታች ድረስ ይታያል። እትዬ እገሌ፣ እነ እገሌ፣ ሁሉም «እናትህስ?» ይሉኛል። ከንግሡ በኋላ የእቴጌ ምንትዋብን ግቢ ፍርስራሽ ዞርኩት። ግድግዳው ላይ በቀይ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች የጠዋት ፀሐይ ሲያርፍባቸው ፍም ይመስላሉ። ልጅ ሆኜ በጣትሽ ዙሪያቸውን ታስዳስሺኝ እንደነበር አስታወስኩ። አሁንም ዳሰስኩት። ቀዝቃዛ ነው።

በርበሬውን ሳልነግርሽ ብቀር ቅር ይልሻል። ገዝቻለሁ። ቅዳሜ ገበያ ሄጄ 10 ኪሎ ዛላ ይዤ መጣሁ። ዋጋው ሰማይ ነክቷል፤ ይሁን፣ ቤቱ ያለ በርበሬ አያድርም። እንደ ነገርሽኝ ከጆንያው አፍ ሳይሆን ከሥሩ አስወጥቼ ነው ያየሁት። ቀዩ ጥቁር ቀይ እንጂ ብርቱካናማ እንዳይሆን። አንዷን ዛላ ሰብሬ ውስጧን አየሁ፤ ሻጋታ የለም። በጆሮዬ ነቀነቅኳት፤ ፍሬዋ ተንሿሿ። ሻጩ «ማን አስተማረህ?» አለኝ። «እናቴ» አልኩት። ተጨማሪ አንድ እፍኝ ጣል አደረገልኝ።

ግቢው ውስጥ ሰሌን ዘርግቼ አሰጣሁት። ይኼን ብታይ! ግቢያችን ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። ጎረቤቶችሽ አይተው ዝም አላሉም። ሦስቱ በርጩማቸውን ይዘው መጡና ክብ ሠርተን ቀነጠስነው። የአንቺን በርጩማ ማንም አልተቀመጠበትም። እኔም አልተቀመጥኩበትም፤ ደጃፉ ላይ እንደ ነበረ ነው። እየቀነጠስን ሁላችንም እናነጥሳለን፤ አንዷ «ይማርሽ» ሳትባል ሌላዋ ትቀጥላለች። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ጨረስን። ሌሊት ጣቴ ሲያቃጥለኝ አደረ። ስንት ዓመት እንዲህ አድረሽ ጠዋት ለእኛ ቁርስ እንደምትሠሪ ገባኝ።

አመሻሽ ላይ ሰብስቤ አስገባለሁ፣ ጠዋት ጤዛው ሲነሳ መልሼ አወጣለሁ። ዶሮዎቹን የሚያባርረው ባለሱቁ ልጅ ነው። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ልጬ አዘጋጅቻለሁ። በሶብላውን ጎረቤታችን ከጓሮዋ ቆርጣ ሰጥታኛለች፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተንጠልጥሎ ቤቱን ሁሉ አውዶታል። ሳምንት እደልዘዋለሁ።

ሌላ ምን አለ? ውሃው በፈረቃ ነው፤ በርሜሉን ሞልቻለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገብተዋል፤ ፒያሳ ሻንጣና ፍራሽ የጫነ ባጃጅ በዝቷል። የፊት ጥርሷ የወለቀባት የጎረቤት ልጅ ትምህርት ጀምራለች፤ ዩኒፎርሟ እስከ ጉልበቷ ይደርሳል።

ልጆቹ ከአሁኑ የኅዳር 12 ቆሻሻ እየሰበሰቡ ነው። በየበሩ የደረቀ ቅጠል፣ የተቀደደ ኬሻ፣ የበቆሎ አገዳ ተቆልሏል። አያቴ ከእናቷ ሰምታ ትነግረን የነበረው፣ በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ለእነሱ ተረት ነው። እሳቱን ብቻ ነው የሚጠብቁት። ለአንቺ ግን ጭሱ አይሆንም። የዚያን ቀን ሰፈሩ በሙሉ ይታጠናል፤ ማታ ድረስ ዓይን አያስገልጥም። ስለዚህ ከ12 በፊት እንዳትመጪ። ሐኪሙ ከፈቀደልሽ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ በ14 ነይ። በአውሮፕላን ነው የምትመጪው፤ ትኬቱን እኔ እቆርጣለሁ። አዘዞ ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ስንወጣ ቀስ ብሎ የሚነዳ ባጃጅ ይዣለሁ፤ መነጽርሽን እንዳትረሺ፣ አቧራው አለ።

የበርበሬውን ቅመም አልጨምርበትም። ድንብላሉና ነጭ አዝሙዱ ተለቅሞ ተቀምጧል፤ ኮረሪማው ግን ስንት እንደሚገባበት አላውቅም። ልክሽ በእጅሽ ነው፣ በኪሎ አይገኝም። ስትመጪ አንቺው ትጨምሪበታለሽ። ዋንዛው እስከዚያ ላይቆይ ይችላል፤ አበባው እየረገፈ ነው። መላእክቱ ግን አሉ። በነጋታው እንሄዳለን፤ ቀና ስትዪ አንገትሽን ከኋላ እደግፍልሻለሁ።

እጅሽን እየሳምኩ፣
የሚናፍቅሽ ልጅሽ