ደብዳቤ ለልጄ፦ ሰው መቅጠርና ጎማ ማሰር

ይድረስ ለልጄ ለማህሌት፤ ሐዋሳ።

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትሽ ጉልበት ብቻ ክረምቱ ሲገባ አመል ሆኖበት ያማታል።

ባለፈው በስልክ "አባ፣ ለሱቄ ሦስት የሥራ ቦታ የመጣውን ይሄን ሁሉ ማመልከቻ ምን ላድርገው?" ስትይኝ ሳቄ መጣ። እኔ ጋራዡን ስከፍት ማመልከቻ የሚባል ነገር የት ነበር? ልጁ በር ላይ ቆሞ "ጋሼ፣ ሥራ አለ?" ይላል፣ ቱታ ይሰጠዋል፣ አለቀ። እንዲያ መቅጠር ምን እንዳስከፈለኝ ወደታች እነግርሻለሁ።

ማስታወቂያሽን አነበብኩት። ለሽያጭ ሠራተኛ ዲግሪ፣ የ2 ዓመት ልምድና ዋስ ጠይቀሻል። ድስትና ብርጭቆ ለመሸጥ ዲግሪ ምን ያደርጋል? አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተሽ ማስታወቂያ ስትለቅሚ የዋልሽበትን ጊዜ ረሳሽው? "የሥራ ልምድ 0 ዓመት" የሚል ያገኘሽ ቀን እኮ ፊትሽ ያስታውቅ ነበር። ዋሱን ለካሸሯ ብቻ አድርጊው። እሱም ቢሆን ከተማ ውስጥ ደሞዝተኛ ዘመድ የሌለውን ልጅ ከበር እንደሚመልስ እወቂው።

ቃለ መጠይቁን በተመለከተ፣ "እስቲ ስለ ራስህ ንገረኝ" ካልሽ የምታገኚው አፈ ጮሌውን ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠይቂና ሰውየው ከክፍሉ እንደወጣ ነጥቡን ጻፊ፤ ማታ ቤት ገብተሽ ስታስታውሺ የምታስታውሺው የወደድሽውን ነው። ከዚያ ሥራውን አሠሪያቸው። ለስቶር ኪፐርነት የመጣውን ልጅ 10 ድስት ደርድሪለትና 12 የሚል ደረሰኝ ስጪው። "ሹፌሩ ቸኩሏል፣ ቶሎ ፈርምለት" በዪው። ሁለት ጎድሏል ብሎ እስክሪብቶውን የሚያስቀምጠውን ያዢ። ካሸሯ ደግሞ ብር ስትቆጥር መሃል ላይ ወሬ አምጪባት። ከመጀመሪያው እንደገና ከጀመረች ጥሩ ነው። እዚህ ጋ ነበርኩ መሰለኝ ብላ ከቀጠለች ይቅርብሽ።

አጎትሽ ልጁን ሊልክብሽ ነው፣ ደውሎልኛል። ይምጣ፣ እሱም ድስቱን ይቁጠር።

የዛሬ 20 ዓመት ገደማ የሆነውን ግን ለእናትሽም በቅጡ አልነገርኳትም። አንድ ልጅ ቀጥሬ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። "የዚህችን መኪና ጎማ እሰር" ብዬው ዕቃ ልገዛ ወጣሁ። ልጁ ቡሎኖቹን ዙሪያውን በተርታ፣ አንዱን እስከ ጥግ አጥብቆ ወደ ሚቀጥለው እያለ አሰራቸው። ጎማ እንደዚያ አይታሰርም። በትይዩ፣ ፊት ለፊት ያሉትን እያቀያየርሽ፣ ሁሉንም በትንሽ በትንሹ ነው የምታጠብቂው፤ አለበለዚያ ቸርኬው አጋድሎ ይቀመጥና ሲነዳ ይላላል። መኪናው 50 ወይ 100 ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ደግሞ ተመልሶ መጥበቅ አለበት። ደንበኛው በማግስቱ ሁለት ቡሎን ወድቆበት፣ ጎማው እየተወላገደ መጣ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። እኔ ግን ልጁን ሰው ፊት ቱታውን አስወለቅኩት። ሙከራ ላይ ስለነበረ ማስጠንቀቂያም ካሳም አልነበረበትም፤ ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር። ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚታሰረው ብዬ ብጠይቅዎ፣ ዝም ብለህ ሥራ አሉኝ" አለኝ። ብሎኝ ነበር። ዕቃ መሸጫው እንዳይዘጋብኝ ስጣደፍ ነበር የጠየቀኝ።

ከዓመታት በኋላ ካይዘን የሚሉት፣ ሥራን በየጊዜው የማሻሻል የጃፓኖች ዘዴ ሥልጠና ስገባ አሠልጣኙ አሜሪካኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለፋብሪካ አለቆቻቸው የሰጡትን አባባል ሰሌዳ ላይ ጻፈልን፦ ሠራተኛው ካልተማረ አስተማሪው አላስተማረም። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ልጅ ሲመጣ እኔ እያሰርኩ እነግረዋለሁ፤ ቀጥሎ እሱ እያሰረ ለምን በትይዩ እንደሚታሰር ለእኔ ይነግረኛል። ለምኑን ካልነገረኝ ብቻውን ጎማ አይነካም።

የሙከራው ጊዜ ድሮ 45 ቀን ነበር፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ 60 የሥራ ቀን ሆኗል፣ በሳምንት 6 ቀን ለሚሠራ 10 ሳምንት ማለት ነው። በጽሑፍ አስፍሪው፣ አዋጁ ያስገድዳል። ከውሉ ጋር ግን ሌላ ወረቀት አያይዢ፦ በየትኛው ሳምንት ምን እንደሚማሩና ማን እንደሚያሳያቸው፣ በስም። "ሁላችንም እናሳያቸዋለን" ካልሽ ማንም አያሳያቸውም።

ማስታወቂያውን ስታስተካክዪ ላኪልኝ። እናትሽ በርበሬና ሽሮ በአውቶቡስ ልካልሻለች፣ እሁድ ጠዋት መነኸሪያ ሄደሽ ተቀበዪ። 3 ከረጢት ነው፤ ሳትቆጥሪ እንዳትፈርሚ።

አባትሽ